የግንድ ጎጆ አባቶች

በ1607 እ.ኤ.አ. ጄምስታውን፣ በ1620 ደግሞ ፕሊመዝ የሰፈሩት እንግሊዞች ጫካ ከቧቸው፣ መጥረቢያም ይዘው ሳለ የግንድ ጎጆ አልሠሩም። በኋላ ዘመን የተሳሉ ሥዕሎች ግን በግንድ ጎጆ ያስቀምጧቸዋል። ሃሮልድ ሸርትለፍ በ1939 በታተመው መጽሐፉ እንዳሳየው ይህ ተረት ነው። እነሱ የሚያውቁት ቤት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቋሚ ይተከላል፣ መሃሉ በቀጫጭን እንጨት ይታጠራል፣ ጭቃ ይመረግበታል። ግንድ በግንድ ላይ መደርደርን በ1638 በዴላዌር ወንዝ ዳር ኒው ስዊድንን መመሥረት የጀመሩት ስዊድናውያንና ፊንላንዳውያን ናቸው ይዘውት የመጡት።

ጫካና መጥረቢያ ያለው ሰው ይህን ማን ያስተምረዋል፣ ችግር ራሱ ያስተምረዋል የሚል ይኖራል። ታዲያ እንግሊዞቹን ሠላሳ ዓመት ምን ያዛቸው? ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ግንዱ ይጋደማል፣ ጫፍና ጫፉ ጎድጎድ ተደርጎ ይጠረባል፣ ተሻጋሪው ግንድ እዚያ ላይ ይገጥማል፣ ክብደቱ ስለሚያጣብቀውም ሚስማር አይሻም። ነገር ግን ጎድጓዳው ወደ ላይ ከሆነ ውኃ ያቁራል፣ ማዕዘኑም ይበሰብሳል። እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ከአባቱ ጋር የጠረበ ሰው ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎችም ወደ ፔንስልቬንያ የራሳቸውን የግንድ አሠራር አምጥተዋል፤ የማዕዘኑ አገጣጠም ከማን እንደተወረሰ ሊቃውንትን ዛሬም ያከራክራል። ክርክሩ ግን ሙያውን ያመጡት የትኞቹ ናቸው የሚል ነው፤ ጫካው አስተማሪ ነበር ለሚለው ወገን አያግዝም።

ጎጆዋን የሁሉም አሜሪካዊ አያት ቤት ያደረጋት ፖለቲካ ነው። ለ1840 የፕሬዚዳንት ምርጫ የቀረበውን ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰንን አንድ የተቃራኒ ወገን ጋዜጣ በግንድ ጎጆ ተቀምጦ ሳይደር የሚባለውን የፖም መጠጥ ቢጠጣ ይበቃዋል ብሎ ተሳለቀበት። ደጋፊዎቹ ስድቡን አነሡና ጎጆ በጋሪ እየጎተቱ ሰልፍ ወጡ፤ የቨርጂኒያ ባለርስት ልጅ የነበረው ሰውዬም የድሆች ሰው ተብሎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የግንድ ጎጆ ልደት ለተመራጭ እንደ ማዕረግ ሆነ። ኬንታኪ፣ ሆጀንቪል አጠገብ በትልቅ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ የቆመች አንዲት ጎጆ ለብዙ ዓመታት የአብርሃም ሊንከን የትውልድ ቤት ተብላ ተጎብኝታለች። በ2004 የግንዶቿ የዕድሜ ቀለበት ሲመረመር ግን የጥንቱ ግንድ ከ1848 የማይቀድም ሆኖ ተገኘ። ሊንከን የተወለደው በ1809 ነው።