የፀዳል ተጽዕኖ፦ የባለድልን ጠባይ ስንመዝን

ፔሌ ወይስ ማራዶና የሚለው ክርክር አንዴ ከተነሳ ብዙ ሳይቆይ ከሜዳ ይወጣል። አንዱ ወገን የፔሌን ሦስት የዓለም ዋንጫዎች ይቆጥራል፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1986 ማራዶና ሜክሲኮ ላይ የሠራውን ያነሳል። ከዚያ «ኮኬይን ሲወስድ የኖረ ሰው እንዴት ከፔሌ እኩል ይጠራል?» የሚል ይመጣል፤ «ማራዶና እኮ ለባለሥልጣን አያጎነብስም» የሚል መልስ ይከተለዋል። የተጠየቀው ማን የተሻለ ተጫወተ የሚል ነበር፤ የተመለሰው ማን የተሻለ ሰው ነው የሚል ሆነ። አንድ ሰው ባንድ ነገር ያሳደረብን ስሜት፣ ስለ ሌላው ነገሩ የምንሰጠውን ፍርድ ሳናውቀው ሲመራው የሥነ ልቦና ሊቃውንት «ሄሎ ኢፌክት» ይሉታል። እዚህ «የፀዳል ተጽዕኖ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ሄሎ በሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚታየው የብርሃን ክብ ነው። «አክሊል» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አክሊል በተጋድሎ የሚገኝ፣ ለባለቤቱ ብቻ የሚደረግ ነው። ፀዳል ከምንጩ ወጥቶ አጠገቡ ባለው ሁሉ ላይ ያርፋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ተቃራኒውን፣ አንድ ነውር ሌላውን መልካም ነገር ሁሉ ሲያጨልመው፣ «የጥላ ተጽዕኖ» ብንለው አብሮ ይሄዳል። ስያሜውን ለሳይንስ ያበቃው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጥናት የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው ስለ ቁመና፣ ስለ ማስተዋል፣ ስለ አመራርና ስለ ጠባይ የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር፣ ነጥቦቹ ከሚገባው በላይ ተቀራርበው አገኛቸው። መኮንኖቹ አራቱን ነገር ለየብቻ አልመዘኑም፤ ስለ ሰውየው ያላቸውን ጠቅላላ ስሜት አራት ጊዜ ጻፉት እንጂ። በ1977 ተመራማሪዎቹ ኒስቤትና ዊልሰን ደግሞ አንድን መምህር በአንድ ቪዲዮ ደግ፣ በሌላው ቀዝቃዛ አድርገው ለተማሪዎች አሳዩ። ቀዝቃዛውን ያዩት መልኩንም፣ ያነጋገር ቅላጼውንም ጠሉበት፤ መምህሩን መውደድ አለመውደዳቸው በፍርዳቸው ላይ ምንም እንዳላደረገ ግን እርግጠኞች ነበሩ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ እርግጠኝነት ነው።

ወደ ሁለቱ ኳስ ተጫዋቾች ስንመለስ ተጽዕኖው በግልጽ ይታያል። ማራዶና ኔፕልስ ውስጥ የተወለደ ልጁን ለብዙ ዓመታት ሳይቀበል ኖሯል፤ ልጅነቱን ያረጋገጠው ፍርድ ቤት ነው። ፔሌም ከትዳር ውጭ የወለዳት ልጁ መብቷን ያገኘችው በፍርድ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ስትሞት ቀብሯ ላይ አልተገኘም። ድርጊቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሚዛኑ ግን የተለያየ። የመጀመሪያው «መቼስ ማራዶና ነው» ተብሎ ከሌሎቹ ነውሮቹ ጋር ይደመራል፤ ሁለተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ፔሌ የጨዋታው አምባሳደር፣ የአገሩ የስፖርት ሚኒስትር የነበረ ጨዋ ሰው ተብሎ አንዴ ተመዝግቧልና። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን ደግሞ በጎን ባንድ ዓይኑ ይስሉ ነበር። ለሥዕሉ ተገቢ ሥርዓት ነው፤ ደጋፊ ግን በሥጋ የኖረን ሰው በዚያው ሥርዓት ሲስል፣ ያልተሳለው ዓይን ያየውን ሁሉ አብሮ ያጠፋል።

ብርሃኑ ሁልጊዜ ከድል ወደ ጠባይ ብቻ አይፈስም፤ ከጠባይም ወደ ድል ይፈሳል። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ከካንሰር ተርፎ ለሕመምተኞች የቆመ ድርጅት መሥርቷል፤ ይህ በጎ ሥራ እውነተኛ ነበር። ብዙዎች ግን «እንዲህ ያለ ሰው አያታልልም» ብለው የቀረበበትን ጥርጣሬ ለዓመታት ገፉት፤ በ2012 ሰባቱም የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተሰረዙ።

«ጠባይ ራሱ የጨዋታው ክፍል ነው፤ እንዴት ይነጠላል?» የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ግማሹ እውነት ነው። በ1986 ማራዶና እንግሊዝ ላይ በ51ኛው ደቂቃ በእጁ ያስገባት ጎል ማጭበርበር ናት፤ የተሠራችውም ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ግማሽ ሜዳ ሮጦ ካስቆጠራት ጎል ጎን ትመዘናለች። በ1994 የዓለም ዋንጫ የተገኘበት የተከለከለ መድኃኒት፣ ኤፌድሪንም እንዲሁ። ልጅን መካድ ግን የጎሏን ዋጋ አይቀንስም፤ ጎሏም ክህደቱን አታቀልም።

ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ፣ እንዲህ መለየት ዝነኞችን ከተጠያቂነት ያስመልጣል የሚለው ነው። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። የተበደለ ሰው ሲናገር «እሱ እኮ ለአገር ስንት ሠርቷል» የሚባለው ሁለቱ ሒሳቦች ስለተቀላቀሉ ነው። ሲለያዩ ዋንጫ ለበደል ካሣ ሆኖ አይቆጠርም።

የሚቀረው የክብር ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ መራጮቹ ከችሎታ ጋር ታማኝነትንና ጠባይን እንዲመዝኑ በደንቡ ያዛል፤ የአሜሪካን ፉትቦል የዝነኞች አዳራሽ ግን በሜዳ የተሠራውን ብቻ ያያል፤ በኋላ በግድያ የተከሰሰው ተጫዋች ኦ ጄ ሲምፕሰን በ1985 ከገባበት ያልወጣውም በዚህ ነው። ሁለቱም ሥርዓት ሊያከራክር ይችላል፤ ምን እንደሚመዝኑ ግን አስቀድመው ተናግረዋል። ኔፕልስም ማራዶና በሞተበት ዓመት፣ በ2020 መጨረሻ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ይባል የነበረውን ስታዲየም በስሙ ሰይማለች። በ1987 እና በ1990 ላመጣላት የሊግ ዋንጫዎች ከሆነ የሚገባው ነው፤ በዚያችው ከተማ አባቱን ሲጠብቅ ላደገው ልጅ ግን ስያሜው መልስ አይሆነውም።