ደመወዝና ስም

ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው ይላሉ አባቶቻችን። ሥራው በደመወዝ የተሠራ እንደ ሆነ ግን፥ ከፋዩ ከሥራው ጋር የሠሪውንም ስም የገዛ ይመስለዋል። ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ትክክል መሆኑን ከታሪካችን እንመርምር።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በካይሮ ታመመ። የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አሰሊን ደ ሸርቪል አስታመመው፤ ሊቅነቱንም ባወቀ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲተረጉም ቀጠረው። ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለቱ በር ዘግተው ዐረብኛውን ቃል በቃል ይመረምሩ ነበር። አስቸጋሪው ቃል ሲያጋጥም አሰሊን የዕብራይስጡንና የሱርስቱን ንባብ ያመሳክር ነበር፤ አማርኛውን የሚጽፍ ግን አቡ ሩሚ ነበረ። በዐሥር ዓመት ያህል 9,539 ገጽ በእጁ ጻፈ።

በ1820 (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዊልያም ጆዌት ጽሑፉን ለብሪታንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፥ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። በአፄ ቴዎድሮስም ዘመን ሚሲዮናውያን ይዘውት ወደ አገራችን ገቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀመጡ። ተርጓሚው ግን ከመሸጡም ከመታተሙም አስቀድሞ በካይሮ በወረርሽኝ ሞቶ ነበር።

ታዲያ ስሙ ስለ ምን አልጠፋም? አሠሪው እውነቱን ስለ ተናገረ ነው። አሰሊን የአቡ ሩሚን ድካም ለጆዌት ነገረው፤ ጆዌትም በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈው። ዝም ብሎ ቢሆን፥ የሞተ ሰው በምን አፉ ይከራከር ነበር?

ዛሬም ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት በውል የሚቀጠር ተመራማሪ እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ሲታተም ውሉ አልቋል፤ እርሱም ከቢሮው ወጥቷል። ስሙን የሚያስታውስለት የቀሩት ሰዎች እውነተኛነት ብቻ ነው። ወረቀት ያመላለሰ ሁሉ ደራሲ ይባል አልልም፤ ለእርሱ ምስጋና ይበቃዋል። ነገሩን ያሰበ፥ የመረመረና የጻፈ ግን ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ሊቆም ይገባል። ስም ክብር ብቻ አይደለምና፤ ስሕተት ሲገኝ የሚጠየቀውም በስሙ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፥ ሥራው ሳይጀመር የማን ስም እንደሚጻፍ በውሉ ላይ አስፍሩ። ነገ እናንተ አሠሪዎች ስትሆኑም ይህን አስቡ፦ ደመወዝ የጊዜ ዋጋ ነው፤ ስም ግን ለብቻው የሚከፈል ዕዳ ነው።