ቀዩ መስመር ከመምጣቱ በፊት

በማተሚያ ቤት አራሚነት ስቀጠር ሥራው የሁለት ሰው ነበር። አንዱ የደራሲውን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ቀይ እስክሪብቶ ጨብጦ ፕሩፉን፣ ማለትም ለእርማት የታተመውን የሙከራ ገጽ፣ በዓይኑ ይከተላል። አንባቢው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ይጠራል። «ሠራዊት፣ በንጉሡ»፤ «ሰላም፣ በእሳቱ»፤ «ሐመልማል፣ በሐመሩ»፤ «ኀይል፣ በብዙኃኑ»። ነጠላ ሰረዝ ሲደርስ «ነጠላ»፣ ድርብ ሰረዝ ሲደርስ «ድርብ» ይላል። ጉሮሮው ሲደርቅ ወረቀት እንቀያየራለን። በዚህ ዓይነት አንድ መጽሐፍ ሲያልቅ ሙሉው በጆሮዬ አልፏል ማለት ነው።

አብረውኝ የሚያነቡት አንጋፋ አራሚ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ግራ ያጋባኝን ዓረፍተ ነገር በራሴ ሥልጣን አቃንቼ ሳሳልፍ አዩኝ። ወረቀቱን መለሱልኝና «የሰው ጽሑፍ ነው ልጄ፤ የፊደል ስሕተት ከሆነ አርሚ፤ ሐሳብ ከሆነ ግን ጥያቄ ምልክት አድርጊበትና ለባለቤቱ መልሺ» አሉኝ። ይህን ሕግ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ ተቀምጬ የመመረቂያ ጽሑፎችን አርማለሁ። ተማሪዎቹ በኮምፒውተር የተለቀመውን ጽሑፍ ይዘው ይመጡና «እትዬ፣ እንግሊዝኛውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያርመዋል፤ አማርኛውን ለምን አያርመውም?» ይሉኛል። ጥያቄያቸውን ደጋግሜ ስሰማ የማረሚያ ፕሮግራሞች እንዴት እንደተወለዱ ማንበብ ጀመርኩ። ከታሪኩ መነሻ ላይም የጋሼን ሕግ አገኘሁት።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ መሪ ሂል በተባለ ቦታ ባለው የቤል ላብስ የምርምር ማዕከል ነው። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እዚያ ሲወጠን ከመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ መካከል በ1971 እ.ኤ.አ. የፓተንት ማመልከቻ የሚተይቡ የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ማሽኑ ገና ከጨቅላነቱ ከስሌት እኩል ጽሑፍን ለመደ። በ1974 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞሪስና ሎሪንዳ ቼሪ የጽሕፈት ስሕተት የሚለቅም ፕሮግራም ሠሩ። ሥራው መዝገበ ቃላትን የሙጥኝ አላለም። ፕሮግራሙ በቀረበለት ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚከታተሉ ፊደላትን ይቆጥራል፤ ከዚያም ባልተለመደ ፊደል ቅንጅት የተሠሩትን ቃላት ከላይ አድርጎ ይደረድራል። «ይህ ስሕተት ነው» አይልም። «ይህ እንግዳ መስሎኛል፤ እስቲ እየው» ማለቱ ነው። ከገጹ ጠርዝ ላይ የምናደርገው ጥያቄ ምልክት ማለት ይህ ነው።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የተሟላ የኮምፒውተር መዝገበ ቃላት ለሌለው ቋንቋ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማን ይሰጣል? የኛ ችግር ግን ሌላም ክር አለው። ፀሐይ የሚለውን ቃል ውሰዱ። ጸሎቱና ፀሐዩ፣ ሃሌታው፣ ሐመሩና ብዙኃኑ፣ በዚያ ላይ ግእዙና ራብዑ በንባብ አንድ ስለሆኑ ይህ አንድ ቃል በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ድምፁ ግን አንድ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ባወጡት መዝገበ ቃላት ፊደሉን ከሥሩ ይዘው ጠብቀዋል። ተማሪው ግን ጣቱ ያገኘውን ይነካል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አንዱን ቃል በአራት መልክ ጽፎ ያመጣልኝ ተማሪ አለ። ያንን የሚቆጥር ፕሮግራም ቢኖረኝ ጥዋቴን ሙሉ አላቃጥልም ነበር።

በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ሌላ የቤል ላብስ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሆሄ ማረሚያ ጻፈ። ዳግላስ ማክልሮይ ተቀብሎ አሻሻለው። ማሽኑ ለሥራ የሚሰጠው የማስታወስ አቅም 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ማክልሮይ በዚያች ጠባብ ቦታ 30 ሺህ ያህል ቃላት አስገባ። አንዱ ብልሃቱ የቃሉን ጅራትና ራስ ቆርጦ ሥሩን ብቻ ማስቀመጥ ነበር። ለእንግሊዝኛ ጥቂት ቅጥያዎች በቂ ናቸው። «ስለማይፈላለጉም» የሚለውን አንድ ቃል ግን ቁጭ ብለን እንፍታው፤ ምክንያቱ፣ አሉታው፣ የርስ በርሱ ድርጊት፣ ብዙ ቁጥሩ፣ መጨረሻ ላይ ያለው «ም» ሁሉ እዚያው ተሸምኗል፤ ሥሩ «ፈለገ» መሐል ላይ ተደብቋል። ስለዚህ አማርኛን ለማረም መጀመሪያ ቃሉን መተርተር የሚችል መሣሪያ ያስፈልጋል። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ ብሎ የሠራው ፕሮግራም አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን እንዲህ የሚተረትር ነው፤ ባለውለታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

የአጻጻፍ ስልትን የሚያይ ፕሮግራም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሎሪንዳ ቼሪ ቃላትን ስም፣ ግስ፣ ቅጽል እያለ የሚመድብ ፕሮግራም ሠርታ ነበር። በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ዊልያም ቬስተርማን «ይህ ታዲያ ስለ አጻጻፍ ስልት ሊነግረን አይችልም?» ብሎ ጠየቀ። ከኮምፒውተር ባለሙያዋና ከቋንቋ መምህሩ ስታይልና ዲክሽን የተባሉት ሁለት ፕሮግራሞች ተወለዱ። ስታይል የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና ዓይነት፣ አጀማመሩን፣ ተደራጊ ግሶችን ይቆጥራል። ዲክሽን 450 ያህል የተንዛዙ ወይም ያለ ቦታቸው የሚገቡ ሐረጎችን በዝርዝር ይዞ ጽሑፉ ውስጥ ሲያገኛቸው በቅንፍና በኮከብ ምልክት ያጥራቸዋል። አይሰርዝም፤ አይተካም። አማራጭ የፈለገ ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ይጠይቃል።

እኔም እንዲህ ያለ ዝርዝር አለኝ። ጠርዙ ባለቀ ደብተር ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። «ውይይት አደረጉ» ሲል «ተወያዩ»፤ «ምርመራ አካሄደ» ሲል «መረመረ»፤ «ለማየት እንደተቻለው» ሲል «እንዳየነው»፤ «ከማድረግ አንጻር» ሲል ብዙ ጊዜ ምንም። «የጎላ ሚና ይጫወታል» የሚለውን ከሃያ ጽሑፍ በአሥራ ስምንቱ አገኘዋለሁ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ስታይል የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይመረምር ነበር፤ አማርኛ ግን ሸክሙን የሚያወርደው ጫፉ ላይ ነው። የኛ መሣሪያ መጨረሻውን ቢያይ ይሻላል። በአንድ ገጽ ላይ አሥራ አራት ጊዜ «ተችሏል» ብሎ የዘጋ ተማሪ ቁጥሩን ብቻ ሳሳየው፣ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ቁጭ ብሎ ራሱ አረመው።

ሁለቱ ፕሮግራሞች ቀጥለው በኒና ማክዶናልድና በባልደረቦቿ እጅ ራይተርስ ወርክቤንች በተባለ ትልቅ ስብስብ ውስጥ ገቡ። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የዚህ ስብስብ አሠራር ነው። ጽሑፉን የሚያነጻጽርበት ሚዛን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በዚያው በቤል ላብስ ከተጻፉት ውስጥ ኃላፊዎቹ ጥሩ ናቸው ያሏቸውን ሰነዶች ወስደው፣ ቆጥረው፣ የእነዚያን ልክ ሚዛን አደረጉት። ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ የራሱን ጥሩ ጽሑፎች ሰጥቶ የራሱን ሚዛን የሚያወጣበት ፕሮግራም አብሮ ነበረው፤ በሐረጎቹ ዝርዝር ላይም የራሱን መጨመር ይችላል። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ስሚዝና ካትሊን ኪፈር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይህንኑ ለድርሰት ተማሪዎቻቸው እንዲስማማ አድርገው አስተማሩበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ግራማቲክ ለግል ኮምፒውተር ወጣ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ዎርድ በምንጽፍበት ቅጽበት ከቃሉ ሥር ቀዩን መስመር ማስመር ጀመረ። የተማሪዎቼ አማርኛ ገጽ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ይሆናል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ፊደሉ መግባቱ ግን ሚዛኑ ገባ ማለት አይደለም።

በሰው ሚዛን መመዘን ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳይ። ስታይል ከሚያወጣቸው የንባብ ቀላልነት ልኮች አንዱ ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ከ206.835 ላይ የዓረፍተ ነገሩ ቃላት ብዛት በ1.015፣ በአንድ ቃል ያሉት ቀለማት አማካይ ደግሞ በ84.6 እየተባዙ ይቀነሳሉ። ወደ 100 የቀረበ ቀላል፣ ወደ ዜሮ የወረደ እጅግ ከባድ ነው። «ድመቷ ወተቱን ጠጥታ ምንጣፉ ላይ ተኛች» የሚለውን እንመዝን። ስድስት ቃል፣ አሥራ አራት ቀለም፣ በአማካይ 2.33 ገደማ። ውጤቱ 3.3 ገደማ ነው። በዚህ ቀመር የአራት ዓመት ልጅ ተረት ከማንኛውም የእንግሊዝኛ የሕግ ሰነድ ጎን ሊመደብ ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በግእዝ ቅኔ ላይ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ አርሜ መለስኩ። ጽሑፉን ለኅትመት የተቀበለው ክፍል ፊደሉን «አንድ ወጥ» ለማድረግ ብሎ በኮምፒውተሩ ንጉሡን ሠ በሙሉ በእሳቱ ሰ ተካው፤ ዓይኑንም በአልፉ። በአንድ ጠቅታ፣ ሰው ሳያነበው። ግእዙ ውስጥ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ ነው። ቅኔው የተሠራው በሁለቱ ልዩነት ላይ ነበር። ሰሙና ወርቁ ተደባልቆ ታተመ። ልጁ የሁለት ዓመት ድካሙን ይዞ ደጄ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ምን ላድርግ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄ ምልክት ብቻ የሚያደርግ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ሎሪንዳ ቼሪ በ2022 እ.ኤ.አ. አርፋለች። የሠራችው ግን እንዳለ ነው፤ ስታይልና ዲክሽን ዛሬም በነጻ የሚገኝ ዝርያ አላቸው። የኛ ልጆች የአማርኛውን ለመሥራት ችሎታው አላቸው፤ መጥተው ሲያናግሩኝ አያለሁ። የሚጎድላቸው ጥሬው ነው፦ በባለሙያ እጅ የታረመ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ስሕተቱም እርማቱም ጎን ለጎን ሆኖ። ያ ደግሞ በየማተሚያ ቤቱና በየአራሚው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አብዛኛውን ለስኳርና ለቡና መጠቅለያ ሰጥተነዋል።

አራሚ የሆናችሁ ሁሉ፣ ቀይ የነካውን ፕሩፍ አትጣሉ። የሐረግ ደብተራችሁን ገልብጡ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በየትምህርት ክፍላችሁ «በአማርኛ በደንብ ተጽፏል» የምትሏቸውን ሠላሳ የመመረቂያ ጽሑፎች ለይታችሁ፣ የባለቤቶቹን ፈቃድ ጠይቃችሁ አስቀምጡ። የእኔ ደብተር 61 ገጽ ነው፤ የሚሠራበት ተማሪ ሲመጣ እሰጠዋለሁ።