የዓመት የብስክሌት ርቀት ክብረ ወሰን

በአንድ ዓመት ውስጥ በብስክሌት በተሸፈነ ጠቅላላ ርቀት የሚለካ ክብረ ወሰን። የእግር ብርታት ብቻ አይበቃም፤ የአገሩ የአየር ጠባይ፣ የመንገዱ ሜዳነት፣ ምግብና ውሃ የሚያቀብል ሰው መኖር አለመኖሩ ውጤቱን ይወስናሉ።

እንግሊዛዊው ቶሚ ጎድዊን እ.ኤ.አ. በ1939 120,805 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተጓዘ፤ በቀን ወደ 331 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በመስከረም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በአገሪቱ መብራት እንዲጠፋ ታዘዘ። ጎድዊን ፋኖሱን ሸፍኖ፣ ከፊቱ ያለውን አስፋልት እንኳ በቅጡ በማያሳይ ጭላንጭል፣ በከባድ የብረት ብስክሌት ክረምቱን ገፋ። ክብረ ወሰኑ ከ75 ዓመት በላይ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ክብረ ወሰኑን ሊሰብሩ ከተነሡት መካከል ሁለቱ ይጠቀሳሉ። እንግሊዛዊው ስቲቭ አብርሃም በመጋቢት ሞተር ብስክሌት ገጭቶት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ቆይቶ በባለሦስት ጎማ ብስክሌት በአንድ እግሩ መርገጥ ቀጠለ። አሜሪካዊው ከርት ሲርቮገል ግን ብዙውን ጊዜ ሜዳማና ሞቃት በሆነችው ፍሎሪዳ አሳልፎ 122,432 ኪሎ ሜትር ሞላ።

ብስክሌተኛዋ አማንዳ ኮከር የቦታን ጥቅም እስከ ጫፍ ወሰደችው። ከዓመታት በፊት መኪና ክፉኛ ገጭቷት ነበርና፣ በዚያው በፍሎሪዳ፣ ታምፓ አጠገብ ባለው ፍላትውድስ ፓርክ፣ መኪና በማይገባበት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዙር ስትመላለስ ከረመች፤ ወላጆቿም ከጎኗ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓመቷን ስትጨርስ 139,326 ኪሎ ሜትር ደርሳ ነበር። ያው ዛፍ፣ ያው ኩርባ በየዙሩ መመለሱ ጉዞውን ያቀለለ ይመስላል፤ የአእምሮው ድካም ግን ከጎድዊን ጨለማ የሚያንስ አይደለም።