የጓያ ሕመም፦ አደጋው ከእንፋሎቱ ሳይሆን ከአበላሉ

ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በዋልካ መሬት ላይ ተዘርቶ አፈሩ በቋጠረው እርጥበት የሚያፈራ ጥራጥሬ ነው። ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል። በክፉ ዘመን ሌላው አዝመራ ሲመክን እርሱ ይተርፋል፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ፍሬው ኦዳፕ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። ጓያን ለሁለትና ለሦስት ወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግርን የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳቱ ሊጎዱ ይችላሉ። ሕመሙ በሕክምና አጠራር ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። እግር ይከብዳል፤ ጡንቻ ይገተራል፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ እግሮቹ ይጠላለፉበታል። አንዱ ያለ ምርኩዝ ይራመዳል፣ ሌላው አንድ ወይም ሁለት ምርኩዝ ያሻዋል፣ የባሰበት ይድሃል። አእምሮው ግን ደኅና ነው። ይበልጥ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች፣ ማለትም የቤቱ አራሾች ናቸው። የተጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ጓያ መብላት ሲቆም ግን ጉዳቱ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ሰብል ጠፍቶ ጓያ ብቻ በተረፈበት ጊዜ 2 ሺህ ገደማ ሰዎች ለዚህ ሕመም ተዳርገዋል።

በገጠሩ ብዙዎች ሕመሙን የሚያመጣው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ወይም የገለባው ንክኪ ነው ብለው ያምናሉ። እናት ልጇን ከምድጃው ታርቃለች፤ ልጁ ግን ከማሳው እሸቱን እየፈለፈለ ይበላል። በደላንታ የተደረገው ጥናት ከፍተኛ ስጋት ያገኘው በእሸቱ፣ በንፍሮውና በቆሎው ላይ ነበር። ቦክቶ የተጋገረው እንጀራና በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራው ወጥ ስጋታቸው ያነሰ ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር መቀላቀልም መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ዋሴ የተባለው ዝርያ የመርዝ መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም ንቦች ከጎረቤት ማሳ ጋር ስለሚያዳቅሉት ዘሩን ለብቻ ማራባት ይጠይቃል። በግብርና ኮሌጅ ስለ ጓያ ድርቅ ቻይነት ብዙ ተምረናል፤ ስለ ተመጋቢው እግር ግን እምብዛም አልተነገረንም።

ጓያ አዘውትሮ የሚመገብ ሰው እግሩ ከከበደው ወይም ጡንቻው ከተገተረ በዚያው ዕለት መመገቡን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።