በአንድ ድስት የሚበስል ምግብ፤ ከሲሲልያ እስከ ጀዊ

የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ በመጽሐፍ ይጻፋል፤ የምግብ ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእናቶች እጅ ተጠብቆ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ነገር ግን ጦርነትና ስደት በማእድ ቤትም ምልክታቸውን ይተዋሉ። በኢትዮጵያ ከተሞች በአንድ ድስት የሚበስለው ፓስታ፥ እንዲሁም በጋምቤላ ክልል በጀዊ የተጠለሉ የደቡብ ሱዳን ሰዎች የሚያውቁት የማሽላ ምግብ፥ ለዚህ ነገር ምስክሮች ናቸው።

የፓስታ ነገር ከሩቅ ዘመን ይጀምራል። የመሬትን ነገር የመረመረው ሊቅ አል ኢድሪሲ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1154 ለሲሲልያ ንጉሥ ለ2ኛው ሮጀር በጻፈው መጽሐፍ፥ ትራቢያ በምትባል ስፍራ በክር መልክ የተሠራ የሊጥ ምግብ በብዛት ይዘጋጅ እንደ ነበረ ገልጾአል። ይህም ምግብ በመርከብ ተጭኖ ወደ ካላብርያ፥ ወደ እስላሞችና ወደ ክርስቲያኖች አገር ይላክ ነበር። የደረቀ ሊጥ ሳይበላሽ ብዙ ወራት ስለሚቈይ፥ ከተሠራበት አገር ርቆ ለመሄድ የተመቸ ሆነ።

ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራው ስንዴ፥ አውሮፓውያን ዱረም የሚሉት፥ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእህል ዘር በሰበሰበ ጊዜ፥ የዚህ ስንዴ ወገን በአገሩ ደጋ እጅግ ብዙ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ገበሬው ግን ይህን ስንዴ ለዳቦ፥ ለቂንጬ፥ ለንፍሮና ለቆሎ ያውለው ነበር እንጂ በክር መልክ አላደረቀውም። እህሉ በአገር ቤት ሳለ የአሠራሩ ጥበብ ከባሕር ማዶ መጣ።

የመጣበትም መንገድ መራራ ነበር። ኢጣልያ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛት አደረገች፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊትዋ አዲስ አበባ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወራሪው ተሸንፎ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው ሲመለሱ ፓስታና መኮረኒ፥ ሱጎና ሳልሳ ከነስማቸው በከተማው ቀሩ። ሕዝቡም ጠላትን አባርሮ ምግቡን በራሱ ልማድ አሳደረው፤ በርበሬ ጨመረበት፥ በእንጀራም ጠቅልሎ በላው። ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውሃ ብቻ ሲሠራ፥ በዘይትና በቲማቲም ተዘጋጅቶ የጾም ምግብ ሆነ።

የኢጣልያ ልማድ ፓስታውን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፥ ሱጎውንም በሌላ ዕቃ ማብሰል ነው። አንድ ማንደጃና አንድ ድስት ብቻ ያለው ቤት ግን ሌላ መንገድ ይይዛል። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ በርበሬ፥ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጨመርበታል፤ ከዚያ ውሃ ተመጥኖ ይፈስሳል፤ ሲፈላም ጨውና የተሰባበረው ፓስታ ይገባና ድስቱ ይከደናል። እንዳያርር አልፎ አልፎ ይማሰላል። ከስንዴው የሚወጣው ዱቄት ከውሃው ጋር ሳይደፋ እዚያው ስለሚቀር መረቁን ያወፍረዋል። በዚህ አሠራር ውሃ፥ እሳትና ድካም ይተርፋሉ።

ይህ ቍጠባ በጋምቤላ ትልቅ ነገር ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ ተከፈተ፤ በክረምት ከካርቱም በሚመጡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ ይገባ፥ ቡና ይወጣ ነበር። በኋላ ዘመን ግን በዚያው አቅጣጫ ከሸቀጥ ይልቅ ስደተኛ መጣ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበሩን ተሻገረ። መጀመሪያ የሰፈረበት የሌችዎር መጠለያ በጎርፍ ስለ ተጥለቀለቀ፥ በ2007 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ ብዙ በማይርቀው በጀዊ አዲስ መጠለያ ተከፈተ። ከሰፈሩት የሚበዙት ኑዌሮች ናቸው።

ኑዌሮች ፓስታ ከመታወቁ አስቀድሞ ዋልዋል የሚባል የራሳቸው ምግብ ነበራቸው። የማሽላ ዱቄት ውሃ እየተረጨበት በእጅ ይሽከረከርና ጥቃቅን እንክብል ይሆናል፤ ከዚያ በእሳት በስሎ ከወተት ጋር ይበላል። ይህ ከሲሲልያው ሊጥ ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ ዱቄትን ቅርጽ ሰጥቶ በአንድ ዕቃ ማብሰል ነውና። ነገር ግን ከብት አርቢ የነበረ ሕዝብ በስደት ሲኖር ማሽላው ቢገኝ እንኳ ወተቱን እንደ ቀድሞው አያገኝም። ማገዶ የሚለቅሙት ሴቶች ሩቅ ይሄዳሉ፥ በመንገድም አደጋ ያገኛቸዋል። የሚታደለው እህል፥ ጥራጥሬና ዘይትም አስተማማኝ አይደለም፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላሉ ስደተኞች የሚሰጠው የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ ተቋርጦ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ነበር።

እንግዲህ በአንድ ድስት ማብሰል ባለጸጋ ለምቾቱ ሲያደርገው ቀላል ጥበብ ይመስላል፤ ማገዶ ለሌላት እናት ግን ልጆችን የማሳደር ጉዳይ ነው። ፓስታን ወራሪ አመጣው፥ ሕዝቡ ግን የራሱ አደረገው፤ ዋልዋልንም ስደተኛ በእጁ ጥበብ ይዞት መጣ። ሁለቱም ምግቦች ሰው አገሩን፥ ከብቱንና ቤቱን ቢያጣ እንኳ የማብሰል ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር እንደሚሄድ ያሳያሉ፤ ዕውቀቱ ግን እህልና እሳት የሚያቀርብለት ይሻል።