ወባ ያስከፈተችው ትምህርት ቤት

ዛሬ የማወጋችሁ የደምቢያን ነገር ነው።

ደምቢያን ያላየ ካለ፣ ከጎንደር ቁልቁል ወርዶ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተንጣለለው ሜዳ ነው፤ ዋና ከተማው ቆላድባ። አፈሩ ጥቁር፣ ክረምት እግር የሚውጥ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ። ጤፍ ቢሉ ጤፍ፣ ሽምብራ ቢሉ ሽምብራ፣ ዳጉሳ ቢሉ ዳጉሳ የሚታፈስበት አገር። ታዲያ ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ገበሬው እሸት ሊቀምስ ሲሰናዳ ንዳዱ ይመጣል። ወባ።

የደጋው ሰው ይፈራት ነበር። ቆላ መሬት ያለው ቀን ወርዶ ያርሳል፣ ያርማል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬውን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል እንጂ እዚያ አያድርም። ትንኟ ሌሊት እንደምትነክስ ያስተማረው የለም፤ ቆላ አድረው የተመለሱትን ሲቀብር ነው የተማረው። በሽታው ከምን እንደመጣ ሲጠየቅ ግን አንዱ እሸት በቆሎ መብላቱን ያነሳል፣ ሌላው ብርዱን፣ ሌላው የረግረጉን ሽታ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ በዚያ ሜዳ ላይ ሰው ጨረሰች። የሞተው በሺዎች ነው። ለምን እንዲያ እንደከፋ ልንገራችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነ አገር ወባ ዓመት እስከ ዓመት አትኖርም። አንዳንድ ዓመት ትበረታለች፣ አንዳንድ ዓመት ትቀራለች። ወባ በማይጠፋበት በረሃ ያደገ ሰው ሕፃንነቱን ካለፈ ገላው ይለማመዳታል፤ የደምቢያ ሰው ያንን መከላከያ አላገኘም። ስለዚህ ዝናቡ በዝቶ፣ ኩሬው ቆይቶ ትንኙ ሲረባ ሕፃኑም ጎረምሳውም እኩል ይወድቃል። ያውም በአጨዳ ወራት! አጫጅ ሲተኛ እህሉ ይረግፋል፤ ከሞት የተረፈውን ረሃብ ይጠብቀዋል።

አሁን የሚደንቀውን ስሙ። ወረርሽኝ ሲነሳ መድኃኒት መላክ የታወቀ ነው። ያኔ ግን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ፖይንት ፎር ከሚባለው የአሜሪካ እርዳታ ጋር ሆኖ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው ይኸው ነው። አገሪቱ ሐኪም የምታሠለጥንበት ፋኩልቲ እንኳ ገና አልነበራትም።

እዚያ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ይሠለጥን ነበር። ጤና መኮንኑ ይመረምራል፣ ያክማል፣ ወረርሽኝ ይከታተላል። የኮሙኒቲ ነርሷ ነፍሰ ጡሯንና ሕፃኑን ትይዛለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ የታቆረ ውኃ ያፋስሳል። ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድበው 50,000 ያህል ሰው እንዲጠብቁ ነበር የታሰበው። እኔ ከሦስቱ ልቤ ወደ ሳኒታሪያኑ ያደላል። ጤና መኮንኑ ያዳነው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳዋል። ምንጩ በመጎልበቱ ሳይታመም የቀረውን ሕፃን ግን ማን ያውቀዋል? እናቱም አታውቀውም። ለዚህ ሥራ ምስጋና የሚያመጣ ሰው የለም፤ ሥራው ሲሠምር የሚታየው ነገር ምንም አለመሆኑ ነው።

ወባ በዚህ አላበቃችም። ከ1950 ክረምት አንሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ሰፊ የወይና ደጋ አካባቢ ተነሥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመች፤ 150,000 ያህል ገደለች። ከዚያ በኋላ ነው የወባ ማጥፊያው መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ዲዲቲ የሚባል የትንኝ መግደያ የተሸከሙ ረጪዎች በየመንደሩ የዞሩት።

ርጭቱ ብልሃት አለው። ትንኟ ደም ጠጥታ ሆዷ ሲከብድ ሩቅ መብረር አትችልም፤ ቅርብ ያለው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው ተረጭቶ ከሆነ እዚያው ትቀራለች፤ በሽታውንም ወደ ሌላ ሰው አትወስድም። ረጪው ይመጣል፣ እህሉና ዕቃው ከቤት ይወጣል፣ ግድግዳው ይረጫል። ከዚያ እንቁጣጣሽ ይደርሳል፤ መስቀል ይከተላል። ባለቤቲቱ፣ ሙያዋ የተመሰከረላት ሴት፣ ቤቷን ለበዓል በጭቃና በእበት ልቅልቅ ታደርገዋለች። ዲዲቲው ከልስኑ ሥር ተቀበረ! ወባ ደግሞ የምትበረታው ከመስከረም በኋላ ነው። ሴትዮዋን ማን ይወቅሳታል? ርጭቱ ለምን እንደሆነ ጊዜ ወስዶ ያስረዳት አልነበረም። መርጫ የያዘ ሰው በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ተመልሶ «እናቴ፣ ግድግዳውን እስከ ጥር ተይው» የሚል ጎረቤት ያስፈልግ ነበር።

ያ ጎረቤት የመጣው በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች፤ ከዚያው አካባቢ የወጡ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ የመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው። ጤና ኬላ ተሠራላቸው፤ ሥራቸው ግን ቤት ለቤት ነው። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ክትባት፣ መጸዳጃ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ወባ፣ ሁሉም በእነሱ እግር ሄደ።

ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ወደ 20 ሚሊዮን አጎበር ሲታደል በየቤቱ ገብተው የሰቀሉትና ያሰቀሉት እነዚህ ልጆች ናቸው። ይህችን መሰል ወግ የማታውቅ ከመካከላቸው ያለች አይመስለኝም፦

«እማማ፣ አጎበሩስ የታለ?»

«አለ ልጄ፣ ሣጥን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ አወጣዋለሁ።»

«ልጁስ በምን ተኛ?»

ከዚህ በኋላ ቁጭ ብላ ቡና ትጠጣለች። ቡናው ሲወርድ አጎበሩም ከሣጥን ይወጣል። ልጁ ካተኮሰው ጣቱን ወጋ አድርጋ በደም ጠብታ ትመረምራለች፤ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይታወቃል። ወባው ፋልሲፓረም የሚባለው ከሆነ ኮአርተም የሚባለውን የወባ ኪኒን በጠዋትና በማታ ለ3 ቀን ትሰጣለች። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቅ ቀሪው ኪኒን ለሌላ ጊዜ እንዳይቀመጥ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ተመልሳ ባዶውን ማሸጊያ ታያለች። ሆስፒታል ምንም ያህል ቢያምር ይህን አይሠራም።

ወባ ቀነሰች። ስትቀንስ ደግሞ ተረሳች፤ ይህ ነው የሚያስቆጨኝ። ጦርነት በደረሰበት ጤና ኬላ ተዘረፈ፣ መድኃኒት አልደረስ አለ፣ አጎበሩ ተቀዶ ምትክ አጣ። ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን፣ 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ።

ሌላም ጉድ አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ይህች ረግረግ አትፈልግም፤ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ዝናብም አትጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ የተነሣው በእሷ ነው። ቆላ አላድርም ብሎ ሽቅብ መሄድ ከእሷ አያድንም፤ ከተሜ ናትና።

እንግዲህ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አጥር አንኳኩታ «በርሜሉን ልየው» ስትል ነገሩ ይህ ነው። ክዳኑ መግጠሙን ታያለች፣ የሮቶው አፍ መሸፈኑን ታያለች፣ ውኃው ላይ ትሎች ካሉ ታሳያችኋለች። የትንኟ እንቁላል ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በርሜሉ በሳምንት አንድ ቀን ተደፍቶ ውስጡ ከተፈተገ ትንኟ አትፈለፈልም።